ሥራ ቦታ መቼ ትምህርት ቤት ይሆናል? የጎንደር ጤና ኮሌጅ ልምድና የእኛ ልምምድ

በየዓመቱ በሺህ የምንቈጠር ተማሪዎች ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘን ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ሐኪም ቤትና ወደ እርሻ ጣቢያ እንሄዳለን። ነገሩ ብዙ ስም አለው፤ አንዱ ኢንተርንሺፕ ይለዋል፣ ሌላው አፓረንትሺፕ፣ ሌላው ደግሞ የትብብር ሥልጠና፣ የቀረው በደፈናው ልምምድ ይለዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ የተመሠረተበት አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም በክፍል ውስጥ ያልተገኘው ዕውቀት በሥራ ላይ ይገኛል የሚል ነው። ይህ አሳብ እውነት መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ሥራ ቦታ ሁሉ ትምህርት ቤት አይደለም። ከልምምድ ተመልሶ «ምን ተማርህ?» ሲባል ፎቶኮፒ ማንሣትንና ፋይል መደርደርን የሚቈጥር ጓደኛ ያላጋጠመው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ደግሞ በሁለት ወር ልምምድ ብቻ ሙያው ገብቶት፣ አነጋገሩ እንኳ ተለውጦ የተመለሰ አለ። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ለዚህ ጥያቄ አገራችን ከሰባ ዓመት በፊት የጀመረችው አንድ መልስ አላት፤ መልሱም የሚገኘው ጎንደር ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ በጥቁር አፈሩና በእህሉ የታወቀ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ከፍታ በወባ ረገድ እጅግ አስቸጋሪ ቦታ ነው። በቆላው ወባ ዓመት እስከ ዓመት ስለማይጠፋ ሰውነት በመጠኑም ቢሆን ይለማመደዋል። በደጋው ደግሞ ብርዱ በሽታውን አያስኬደውም። በመካከሉ ባለው አገር ግን በሽታው ለዓመታት ተዳፍኖ ይቆይና ዝናቡና ሙቀቱ በተመቸው ጊዜ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት ድንገት ይነሣል። ያን ጊዜ የሚያገኘው ያልለመደ ሰውነት ነው። ወራቱ ደግሞ የአዝመራ ወራት ስለ ሆነ፣ ንዳድ ቤት ውስጥ ያስተኛው ገበሬ ማለት ያልታጨደ እህል ማለት ነው፤ ከበሽታው የተረፈውን ረኃቡ ይጠብቀዋል።

በ1953 በደንቢያ የሆነው ይኸው ነበር። (የማነሣቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ ወረርሽኝ የሞተው ሰው 7,000 ያህል እንደ ሆነ ተገምቷል። ከአምስት ዓመት በኋላም፣ በ1958፣ ይኸው ነገር በሰፊው ተደገመ። በዚያ ዓመት ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የአገሪቱ ክፍል ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል መሞቱን በኋላ የቀረበው ጥናት ገምቷል።

ታዲያ ይህን የሚገታ ሰው ከየት ይምጣ? በ1953 ኢትዮጵያ የራሷ የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። የነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ መቀመጫቸውም ከተማ ነበር። ሐኪም አሠልጥኖ ለማውጣት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ ወባ ደግሞ ቀጠሮ አይቀበልም። ስለዚህ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና በፖይንት ፎር ስም ከሚታወቀው የአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ርዳታ ጋር ሆኖ፣ በ1947 ዓ.ም. በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በጎንደር፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ። ስሙን ልብ በሉ፤ ኮሌጅ «ና» ማሠልጠኛ ይላል። በዚያን ጊዜ አስተሳሰብ ኮሌጅ ሊቅ የሚወጣበት፣ ማሠልጠኛ ደግሞ ሠራተኛ የሚወጣበት ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ሁለቱን በአንድ ግቢ ማጋባት ደፋር ሥራ ነበር። ዛሬም ቢሆን በዩኒቨርሲቲና በሙያ ማሠልጠኛ መካከል ያለው አጥር ምን ያህል ከፍ ያለ እንደ ሆነ የምናውቀው ነው።

ኮሌጁ የሚያሠለጥነው ሦስት ዐይነት ሠራተኛ ነበር፤ የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። አሳቡ እነዚህ ሦስቱ ባንድነት ሆነው 50,000 ለሚያህል ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ እንዲያቆሙ ነው። የጤና መኰንኑ ያክማል፣ ጣቢያውንም ይመራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ቤት ለቤትም ትዞራለች። ሳኒታሪያኑ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቄራውንና ገበያውን ይጠብቃል። ስለዚህ ትምህርቱ የተቀረጸው ከሥራው ተነሥቶ ነው። አስቀድሞ «በጤና ጣቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?» ተብሎ ተጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ «ይህን ለመሥራት ምን ማወቅ ያስፈልጋል?» ተባለ። እኛ ዛሬ በብዙ የትምህርት ክፍሎች የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ኮርሱ አስቀድሞ ይደረደራል፣ መጨረሻ ላይ «እስቲ ይህ የሚሠራበት ቦታ ይፈለግ» ይባላል።

የጤና መኰንኑ ሦስት ዓመት ተምሮ አራተኛውን በልምምድ ያሳልፍ ነበር። በሦስቱ ዓመታትም ቢሆን በክፍል ብቻ አይወሰንም፤ ስለ ጉበትና ስለ ሳንባ የሰማውን በጎንደር ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆሞ ያየዋል። ቀጥሎም ወደ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያ ይወርዳል። ከእነዚህ ዋነኛው ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዚያው በደንቢያ የሚገኘው የቆላድባ ጤና ጣቢያ ነበር። «ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያ» የሚለውን ቃል በቀላሉ ማለፍ አይገባም። እውነተኛ በሽተኛ የሚታከምበት፣ እውነተኛ መንደር የሚጠበቅበት ጣቢያ ነው። ነገር ግን በዚያ የሚሠሩት ባለሙያዎች ተግባራቸው ማከም ብቻ ሳይሆን ማስተማርም እንደ ሆነ አስቀድሞ ታውቆ የተመደቡ ናቸው። የነገሩ ቍልፍ በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው።

ምን ዐይነት ዕውቀት ነው በዚያ የሚገኘው? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዚያ ዘመን ወባ በአንድ መንደር ምን ያህል እንደ ሠረጸ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ የሕፃናትን ጣፊያ መዳሰስ ነበር። ወባ የደጋገመው ልጅ ጣፊያው ያብጣል፤ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉት ልጆች ተሰልፈው ከመካከላቸው የስንቱ ጣፊያ እንዳበጠ ይቈጠራል። መጽሐፉ «ጣፊያ ከግራ ጐድን በታች ነው» ይላል፤ ይህን ለመሸምደድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የጣትን ጫፍ አስቀምጦ ልጁ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ ወርዶ ጣትን የሚነካውን ነገር ለይቶ ማወቅ ግን ሌላ ነው። ያበጠውን ካላበጠው፣ ጣፊያውን ከተወጠረ የሆድ ጡንቻ፣ የሚያለቅሰውን ልጅ ሆድ ከተረጋጋው ለመለየት ስንት ሆድ መዳሰስ ያስፈልጋል! በዚያም ላይ አጠገብህ ቆሞ አንተ የዳሰስኸውን ዳግመኛ ዳስሶ «የለም፣ አሁንም ሞክር» የሚልህ ሰው ከሌለ መቶ ልጅ ብትዳስስ መቶ ጊዜ ትሳሳታለህ እንጂ አትማርም። ልምድ የሚባለው ስሕተትን መደጋገምም ሊሆን ይችላልና።

ሌላው ምሳሌ የሳኒታሪያኑ ነው። ሽንት ቤት ከውሃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከጕድጓዱም በታች በኩል ይቈፈር ይላል ደንቡ። ምንጭ ሲጠበቅ እስከ ዐይኑ ተቈፍሮ፣ በድንጋይና በጠጠር ተሞልቶ፣ በፊት ለፊቱ ግንብ ቆሞ፣ ውሃው በቧንቧ ይወጣል፤ ከበላዩ የጐርፍ መከላከያ ቦይ ይቀደዳል፤ ከብት እንዳይገባ ዙሪያው ይታጠራል። ይህ ሁሉ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ይሣላል። መንደር ሲገቡ ግን ምንጩ ጠበል ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ሠላሳው ሜትር የሚያርፈው በሌላ ሰው ማሳ ላይ ይሆናል፤ ወይም አጥር ሲባል «ከብቶቻችን የት ሊጠጡ ነው?» የሚል ሽማግሌ ይነሣል። ሽማግሌው ልክ ነው። ለከብቶቹ ከግንቡ በታች ገንዳ መሥራት የሚገባው መሆኑን ያልተረዳ ሳኒታሪያን የሠራው አጥር በሦስተኛው ቀን ማገዶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር ፈተና ላይ ማንም አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የተደረገው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተናም ቢሆን የሚለካው ተጽፎ የሚጠየቀውን ነው፤ ሽማግሌውን አይጨምርም።

ከቆላድባ ተነሥቶ ጎንደርን አልፎ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ለሚወጣ ደግሞ ትምህርቱ ይገለበጣል። በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከትንኝ አገር ወደ ቅማል አገር ይገባል። በብርዱ ምክንያት ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት፣ ልብስም እንደ ልብ በማይታጠብበት ደጋ በዚያ ዘመን የሚፈራው ተስቦና ግርሻ ነበር። በደንቢያ የተማረውን እንዳለ ወደ ሰሜን ተራራ ይዞ የሚወጣ ጤና መኰንን በሽታውን ይስታል። ጎንደር ለማሠልጠኛ የተመቸችበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ቆላውም ወይና ደጋውም ደጋውም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ነው።

ነገር ግን የጎንደሩ አሠራር ከሌላው ጐልቶ የሚታይበት ነገር የቡድን ሥልጠና ነው። የጤና መኰንኖቹ፣ ነርሶቹና ሳኒታሪያኖቹ የገቡበት የትምህርት ደረጃ እኩል አልነበረም፤ ወጥተው የሚያገኙት ማዕረግና ደመወዝም እኩል አልነበረም። ሆኖም ወደ መንደር የሚወርዱት ባንድነት ነው። ቤት ለቤት ዞረው ይቈጥራሉ፣ ይመረምራሉ፣ የመንደሩን ችግር በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ ከዚያም ተመካክረው ሊሠራ የሚችለውን ይሠራሉ። ነገ አለቃ የሚሆነው ሰው ነገ ከሥሩ ከሚሠሩት ጋር ገና በተማሪነቱ ሲውል ምን ያገኛል? እሱ ስለ ወሊድ አደጋ መጽሐፍ አንብቧል፤ እናቲቱ ግን ደጃፏን የምትከፍተው ለነርሷ ነው። እሱ ስለ ተቅማጥ ተዋሕስያን ስም ያውቃል፤ ተቅማጡ ከየትኛው ምንጭ እንደ መጣ ያገኘው ግን ሳኒታሪያኑ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በዐይኑ ያየ አለቃ በኋላ ስብሰባ ላይ ሌላውን ሳያስጨርስ አያቋርጥም፤ ቢያቋርጥ እንኳ እያፈረ ነው። ኢንጂነሩ ከፎርማኑ፣ ኢኮኖሚስቱ ከወረዳው የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሕግ ተማሪው ከችሎት ጸሐፊው ጋር በተማሪነቱ አብሮ የሚሠራበት እንዲህ ያለ ሥርዐት በሌሎቹ ክፍሎቻችን ቢፈለግ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከዚህ ጋር በዚያው ዘመን የነበረውን ሌላ ሙከራ ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ደነገገ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ነው። ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለዚህ አገልግሎት በ1966 ያሳተሙት ጽሑፍ በውጭ አገር የትምህርት ጥናት መጽሔቶች ዘንድ ጕዳዩን አስታውቆታል። አገልግሎቱ ለአገሪቱ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ መምህር ባልነበረበት ትምህርት ቤት መምህር አቆመ። የከተማውን ልጅ ከገበሬው ልጅ ጋር አስተዋወቀ፤ ከዚያም የተነሣውን የፖለቲካ ነገር ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርኩት። ከሙያ ሥልጠና አንጻር ስናየው ግን አብዛኞቹ የተሰማሩት፣ ያጠኑት ምንም ይሁን ምን፣ በመምህርነት ነበር። ተማሪው የሄደው ሊያገለግል ነው፤ የሚማረው በአጋጣሚ ነው። የጎንደሩ ተማሪ የሄደው ሊማር ነው፤ እግረ መንገዱንም ያገለግላል። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ስም መጥራት ግን ሁለቱንም ያበላሻል። የዛሬው ልምምዳችን ደግሞ ብዙ ጊዜ አገልግሎትም ትምህርትም አይደለም፤ ድርጅቱ ሥራ አይሰጠን፣ እኛም ዕውቀት አናገኝ፣ ቀኑ ብቻ ይቈጠራል።

ስለዚህ ጉዳይ በውጭው ዓለም ብዙ ከተጻፈው አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ጂን ሌቭ የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ ከቫይና ከጎላ ልብስ ሰፊዎች ጋር ተቀምጣ ለማጅ ልጆች እንዴት ሙያውን እንደሚይዙ አጠናች፤ በኋላም ከኤትየን ዌንገር ጋር ሆና በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩን አስፋፋችው። ያገኘችው እንዲህ ነው። ልብስ ሲሠራ መጀመሪያ ጨርቁ ይቈረጣል፣ ቀጥሎ ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ ቍልፍ ይተከላል፣ ጠርዙ ይጠመዘዛል፣ ይተኰሳል። ለማጁ የሚማረው ግን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ ቍልፉን ይተክላል። ቍልፍ ቢሳሳት ይፈታል፤ ጨርቅ ተሳስቶ ከተቈረጠ ግን ጠፋ። ከዚህም በላይ ቍልፍ የሚተክለው ልጅ ያለቀውን ልብስ በእጁ ይዞ ያያል፤ ሲሰፋ ስለሚሆነው፣ ሲቈረጥ ስለሚሆነው አስቀድሞ ግምት ይይዛል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራው ትንሽ ይሁን እንጂ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ከዳር ሆኖ ይጀምራል፣ ቀስ በቀስ ወደ መካከል ይገባል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የጎንደር በአታ የአቋቋም ጉባኤ ቤት ነው። ደቀ መዝሙሩ ከሊቃውንቱ ጋር ማሕሌት ይቆማል። ሲገባ ዳር ነው የሚቆመው፤ መቋሚያውን ይዞ የታላላቆቹን እንቅስቃሴ ይከተላል። ዝማሜውን ይይዛል፣ ጽፋቱን ይሰማል፣ ወረቡ ላይ ይደርሳል። ቀን በጉባኤው ከመምህሩ የተቀበለውን ሌሊት በማሕሌቱ ላይ ይሠራበታል፤ ሌሊት የሳተውን ቀን ያርሙለታል። በታችኛው ደረጃ ያሉትንም የሚያስቀጽለው ከእነሱ ቀድሞ የገፋው ተማሪ ነው። ማሕሌቱ የልምምድ ማሕሌት አይደለም፤ ምእመኑ የቆመበት እውነተኛ በዓል ነው። ጎንደር የጤና ኮሌጅ ሳይመጣ ከብዙ ዘመን በፊት በሥራ ላይ መማርን ታውቅ ነበር ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ሥርዐት የሚያስፈልገውን ዓመት ብዛት ዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ አይችልም፤ ሁሉም ተማሪም ኮቸሮ እየበላ ሊቆይ አይችልም።

በሥራ ላይ መማርን ሳመሰግን ግን አንድ አደጋ እንዳለበት መሸሸግ አይገባም። ሥራ ቦታ የሚያስተምረው በጎውን መርጦ አይደለም፤ ያለውን ሁሉ ነው። ቴርሞሜትሩ ሳይታጠብ ካንዱ ብብት ወደ ሌላው በሚዘዋወርበት ክፍል የሚለማመድ ተማሪ ያንን ይማራል። ባለጉዳይ «ነገ ና» ተብሎ በሚመለስበት ቢሮ የተለማመደ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት «ነገ ና» ማለት ይጀምራል። ደረሰኝ እንዴት እንደሚያብጥ የሚማርበትም አይጠፋም። በዚህ ምክንያት ተማሪው ከመስክ በተመለሰ ቁጥር «ያየኸው እንዲህ መሆን ነበረበትን?» ብሎ የሚጠይቀው መምህር ያስፈልጋል። ክፍሉ ከሥራው የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ሲያሳይ፣ ክፍሉ ለምን እንዲያ እንደሚሠራና ሌላ መንገድ ይኖር እንደ ሆነ ይጠይቃል። «ቲዎሪ ምን ያደርጋል» የሚለውን የግቢያችንን ወሬ የማልቀበለው ስለዚህ ነው።

ጎንደርም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። የጤና መኰንኑ በገጠር ጣቢያው አካሚም፣ አዋላጅም፣ አስተዳዳሪም ነው፤ በከተማ ግን «ሐኪም ነህ?» ሲባል መልስ ያጣል። ሥራው የሐኪም፣ ማዕረጉ የሐኪም ያልሆነ ሰው ወደ ፊት የሚሄድበት መሰላል በግልጽ አልተዘረጋለትም ነበር፤ ብዙዎቹም ወደ ሕክምና ትምህርት አዘነበሉ። በመጨረሻም በ1970ዎቹ የጤና መኰንኖች ሥልጠና ቆመ፤ በ1978 ኮሌጁ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪም ማሠልጠኛ ሆነ። ሥልጠናው ደግሞ የተነሣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ለብዙ ዓመታት ለጤና ጣቢያ የተቀረጸው ሙያ ራሱ አልነበረም ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ጤና ጣቢያዎቹ እንዳሉ ነበሩ። ይህን የማነሣው ትምህርቱ መጥፎ ስለ ነበር ሳይሆን፣ ሥልጠናው ከሥራው ጋር የቱንም ያህል ቢገጥም የሲቪል ሰርቪሱ ደረጃ ካልገጠመው ጥሩ የተሠራ ሰው ከሥራው እንደሚኰበልል ስለሚያሳይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥያቄ የብዛት ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን ለመመደብ ታስቦ በጥቂት ዓመታት ከ30,000 በላይ አሠለጠነ፤ የአንድ ዓመቱ ትምህርት ሰባ በመቶው በተግባር እንዲሆን ነው የታቀደው። በ2005 ደግሞ 5,000 የጤና መኰንኖችን በፍጥነት ለማውጣት ዕቅድ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ስላልበቁ የየክልሉ ሆስፒታሎች ማሠልጠኛ ሆኑ። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም የትብብር ሥልጠና ሰባ በመቶ በድርጅት፣ ሠላሳ በመቶ በተቋም ይሁን ተብሏል። አሳቡ በከፊል ከጀርመኖች የተወሰደ ነው። በጀርመን ግን ለማጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈራረማል፣ አበል ይከፈለዋል፣ ድርጅቱም ለማስተማር የተፈተነ ሰው ሊኖረው ይገባል፤ ይህም በ1969 በወጣ ሕግ ተወስኗል። እኛ መቶኛውን ወሰድን፤ ውሉና አስተማሪው ግን በብዙ ቦታ ገና አልመጡም። ሰባ በመቶ የሚለው ቍጥር ተማሪው የት እንደሚውል ይነግረናል፤ ከማን ጋር እንደሚውል አይነግረንም። በአንድ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ አራት ተማሪ ሲቆም አራቱም ያያሉ፤ ሃያ ሲቆም የኋለኞቹ የሚያዩት የፊተኞቹን ጀርባ ነው።

የጎንደሩ ኮሌጅ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዛሬም በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ከተመደቡት ስምንት ተቋማት አንዱ ነው። የቡድን ሥልጠናውን ከነስሙ ለዩኒቨርሲቲው ዘመን አውርሶታል። የሕክምና፣ የጤና መኰንን፣ የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ተቀላቅለው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሰማሩበት ሥርዐት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ወደ ገጠር መውጣትን እጅግ አስቸጋሪ አድርጎታል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ መንደርን ማሠልጠኛ ማድረግ ምን ያህል በሰላም ላይ የቆመ ነገር እንደ ሆነ ይታያል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ መጨረሻው ነው። ተማሪዎቹ ያገኙትን ለመምህራቸው ብቻ ጽፈው አያስረክቡም፤ የአካባቢውን ሰዎች ሰብስበው «በመንደራችሁ ያየነው ይህ ነው፤ ያደረግነው ይህ ነው፤ የቀረው ይህ ነው» ብለው ያቀርባሉ። በሰው ቤት ስንት ሕፃን እንደ ታመመ ለዚያው ቤት ባለቤት ፊት ለፊት መናገር ያለበት ተማሪ ቍጥር አይፈጥርም። የእኛ የልምምድ ሪፖርት ግን ድርጅቱ አያነበውም፤ ከአምናው ተማሪ ሪፖርት የተገለበጠ ቢሆንም የሚያውቅ የለም።

የተማሪዎች ማኅበራችን በዚህ ነገር ሊሠራ የሚችለው አለ። የልምምድ ደብዳቤያችን ዛሬ የያዘው የተማሪውን ስም፣ የክፍሉን ስምና «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ነው። በዚያው ገጽ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር ብለን ለየክፍላችን እናመልክት። አንደኛው መስመር ተማሪውን በድርጅቱ ውስጥ የሚያስተምረው ሰው ስም ነው፤ የድርጅቱ ስም አይበቃም። ሁለተኛው ተማሪው በራሱ ኃላፊነት የሚፈጽመው አንድ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ትንሽ ይሁን፣ ቍልፍ መትከልም ይሁን። ሦስተኛው ሪፖርቱን በድርጅቱ ሠራተኞች ፊት ቆሞ የሚያቀርብበት ቀን ነው። የመምህራን የመስክ አበል፣ የትራንስፖርቱ ነገር፣ አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይከታተል የሚለው ሁሉ ከበጀት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ እሱን ተወካዮቻችን ይዘው ይከራከሩበት። ሦስቱን መስመር ለመጨመር ግን የክፍሉ ኃላፊ ፈቃድና አንድ አዲስ ስቴንስል ይበቃል።